በታሰረ ጭድ ቤት መሥራት፦ ከመሠረቱ እስከ ልስኑ

"ጭድ በክረምት አይበሰብስም እንዴ?" ሁሌ የምጠየቀው ይሄው ነው። ከሱ ቀጥሎ አይጥ ይመጣል፣ ከአይጥ ቀጥሎ እሳት። የመጀመሪያው መልስ አጭር ነው፦ እርጥብ ጭድ ይበሰብሳል፣ ደረቅ ጭድ አይበሰብስም። ከዚህ በታች ያለው ሥራ አብዛኛው ለአንድ ጉዳይ ነው። ውሃ ወደ ጭዱ እንዳይገባ፣ የገባ እርጥበትም እንዲወጣ። አይጡንና እሳቱን ቦታቸው ላይ እናነሳቸዋለን።

የማሳያችሁ ለደጋና ለወይና ደጋ የሚሆን ባለ አንድ ክፍል ቤት ነው። ክዳኑን የሚሸከሙት የባሕር ዛፍ ቋሚዎች ናቸው። ጭዱ፣ ማለትም በማሽን ተጨምቆ በገመድ የታሰረው "እስር"፣ ግድግዳ ብቻ ነው። ጭዱ ራሱ ክዳን የሚሸከምበት አሠራርም አለ፤ እኔ ግን ለጀማሪ አልመክረውም። በሱ አሠራር ጭዱ ክዳን ሳይኖረው ሜዳ ላይ ይቆማል፣ አንድ ያልታሰበ ዝናብ ሁሉንም ያበላሻል። ቋሚ ካለ ግን ክዳኑ ይቀድማል፣ ጭዱ ደረቅ ጣሪያ ሥር ይደረደራል።

ቦታችሁ ውሃ የሚተኛበት ከሆነ ይሄን ቤት አትሥሩ። ምስጥ በበዛበት አገርም፣ ለምሳሌ በምዕራብ ወለጋ፣ ሌላ ዓይነት ግድግዳ ምረጡ። ከተማ ውስጥ ከሆናችሁ ደግሞ ጭድ ከመግዛታችሁ በፊት የግንባታ ፈቃድ ክፍሉን ጠይቁ። ፕላኑን ሳይቀበሉት ጭዱን ብትገዙ ለከብት ከመሸጥ ሌላ ምርጫ የላችሁም።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የስንዴ ጭድ እስር፣ 160 ያህል (ስሌቱ ደረጃ 2 ላይ አለ)
- የባሕር ዛፍ ቋሚ፣ ውፍረቱ ከ12 እስከ 14 ሳ.ሜ.፣ 10 ፍሬ
- ለካፕሪያታ (ክዳኑን ለሚሸከመው የእንጨት ማዕቀፍ) እና ለማገር የሚሆን እንጨት፣ ቆርቆሮ፣ አሸንዳ
- ለመሠረት ጥቁር ድንጋይ፣ ሲሚንቶ፣ አሸዋ፣ ጠጠር
- ወፍራም ላስቲክ ወይም ሬንጅ
- ባለ 12 ፌሮ፣ ለመርፌ የሚሆን ባለ 8 ፌሮ (አሠራሩ ደረጃ 6 ላይ አለ)
- የማይዝግ ሽቦ፣ ጠንካራ የፕላስቲክ ገመድ
- ቀጫጭን አጣና ወይም የተሰነጠቀ ቀርከሃ
- ቀይ አፈር፣ የታጠበ አሸዋ፣ የጤፍ ጭድ፣ የበረደ ኖራ
- ሸራ። ከገመታችሁት በላይ ግዙ
- ቱንቢ፣ ውሃ ልክ፣ መጋዝ፣ ማጭድ፣ የእንጨት መዶሻ፣ ሚዛን
- ጓንት፣ መነጽር፣ የአፍ መሸፈኛ

1. ጭዱን በወቅቱ ግዙ፣ ፈትሻችሁ ግዙ

የመኸር ስንዴ ከኅዳር እስከ ጥር ይታጨዳል። ጭዱ ደረቅም ርካሽም የሚሆነው ያኔ ነው። ወደ በልግ ሲጠጋ የከብት መኖ ስለሚያጥር ዋጋው ይወጣል። እንደ አርሲና ባሌ ኮምባይነር በሚያጭድበት አካባቢ ጭዱን በማሽን የሚያስሩ ሰዎች ታገኛላችሁ። ለመኖ የሚታሰር ጭድ ብዙ ጊዜ ላላ ይላል። ለቤት መሆኑን ነግራችሁ ማሽኑን እንዲያጠብቁት ጠይቁ፣ መጠኑ የሚስተካከል ነው።

ስንዴ ለምን? አገዳው ጠንካራና ባዶ ነው፣ ከብትም ከሌላው ያነሰ ይወደዋል። የገብስም ይሆናል። የጤፍ ጭድ ግን ለግድግዳ እስር በጣም ለስላሳ ነው፣ ዋጋውም አይቀመስም። እሱን ለልስኑ አስቀምጡት።

እያንዳንዱን ጭነት እንዲህ ፈትሹ፦

- በአንዱ ገመድ ብቻ አንሱት። ገመዱ ከሾለከ ወይም እስሩ ከተጣመመ መልሱት።
- መዝኑት። 90 በ45 በ35 ሳ.ሜ. የሆነ ደረቅ እስር ከ15 ኪሎ ማነስ የለበትም። ካነሰ ላላ ነው፣ ግድግዳው ላይ ይሰምጣል።
- እጃችሁን መሐሉ ድረስ ክተቱ። ከሞቀ ወይም ከቀዘቀዘ እርጥብ ነው። ጥቁር ነጥብና የሻጋታ ሽታም ያው ነው።
- ፍሬ የቀረበትን አትቀበሉ። አይጥን የሚጠራው ጭዱ ሳይሆን ፍሬው ነው።

የእርጥበት መለኪያ ከሌላችሁ ሚዛን ይበቃል። ከእስሩ መሐል 100 ግራም ጭድ ጎትቱና መዝኑ። ለዘብ ባለ እሳት ላይ በምጣድ እያገላበጣችሁ አድርቁት፣ እንዳይቃጠል። መልሳችሁ መዝኑ፣ መቀነሱን እስኪያቆም። 85 ግራም ከቀረ እርጥበቱ 15 በመቶ ነበር ማለት ነው፣ ጥሩ ነው። ከ80 ግራም በታች ከቀረ ያንን ጭነት አትጠቀሙበት። የአሜሪካ የመኖሪያ ቤት ግንባታ ኮድም ለጭድ ግድግዳ ያስቀመጠው ጣሪያ 20 በመቶ ነው።

የገዛችሁትን ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ በርብራብ ላይ ደርድሩ። ከላይ ሸራ አልብሱት፣ ጎኑን ግን ክፍት ተዉት። ዙሪያውን በላስቲክ ከጠቀለላችሁት በሌሊት ጤዛ ከውስጥ ያልበዋል።

2. ቤቱን በእስሩ ልክ ንደፉ

መጀመሪያ ፕላን ሠርቶ ከዚያ ጭድ መፈለግ የተለመደ ነገር ነው። ገልብጡት። የምታገኙትን እስር ለኩ፣ ከዚያ ንደፉ። አለበለዚያ በየመስመሩ ግማሽና ሩብ እስር ስትቆርጡ ትውላላችሁ።

እስሩ 90 ሳ.ሜ. ርዝመት፣ 45 ስፋት፣ 35 ከፍታ አለው እንበል። ቤቱን ከውጭ 6.30 በ4.50 ሜትር አድርጉት። አንድ ዙር በትክክል 22 እስር ይወስዳል። 7 ዙር ሲደረደር 2.45 ሜትር ከፍታ ይሰጣል። 22 በ7 ሲባዛ 154። ከዚያ ለ90 ሳ.ሜ. በር 6 እስር፣ ለሁለት መስኮቶች ደግሞ በድምሩ 6 ይቀነሳል። 142 ቀረ። ለግማሽ እስር፣ ለሚፈታና ለሚጣል አሥር በመቶ ትንሽ አለፍ አድርጋችሁ ጨምሩ፤ 160 ያህል ማለት ነው። ከውስጥ 5.40 በ3.60 ሜትር ወለል ታገኛላችሁ።

በርና መስኮቱን ከማዕዘን ቢያንስ አንድ እስር ተኩል አርቁ። ማዕዘኑ የግድግዳው መያዣ ነው። መታጠቢያና ኩሽናውን ደግሞ ከቤቱ ለዩ፣ ወይም በብሎኬት ሠርታችሁ ከጎን አስጠጉ። ሻወርና የምድጃ እንፋሎት ከጭድ ግድግዳ ጋር አይስማሙም።

3. መሠረቱን ከፍ አድርጉ

ቦታው መረሬ ወይም ዋልካ የሚባለው ጥቁር አፈር ከሆነ ግንበኛ ሳታማክሩ አትጀምሩ። ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፣ ቤቱን ይዞት ይንቀሳቀሳል። ወይ ተቆፍሮ ይወጣል ወይ ቦታ ይቀየራል።

የድንጋይ ግንቡ ስፋት 60 ሳ.ሜ. ይሁን። 45ቱ ለጭዱ፣ ቀሪው ከውስጥ በኩል ለቋሚው። ከውጭው መሬት በላይ ቢያንስ 40 ሳ.ሜ. ይውጣ። የክረምት ዝናብ መሬት ላይ አርፎ ሲረጭ ግድግዳውን የሚመታው ከታች ነው፣ የአሜሪካው ኮድ የሚጠይቀው 20 ሳ.ሜ. ለኛ ዝናብ አይበቃም እላለሁ። ዙሪያውን የውሃ መውረጃ ቦይ ቆፍሩ።

ግንቡ ሳይዘጋ ሁለት ነገር ቅበሩ፦

- በየቋሚው ቦታ ወደ ላይ 20 ሳ.ሜ. የወጣ ባለ 12 ፌሮ። ቋሚው ተበስቶ እሱ ላይ ይቀመጣል። እንደ ጭቃ ቤት ቋሚውን አፈር ውስጥ አትቅበሩት፣ የሚበሰብሰው ከዚያ ነው።
- በየ90 ሳ.ሜ. በግንቡ ሥር የሚያልፍ፣ በሁለቱም በኩል ጫፉ ረዘም ብሎ የሚንጠለጠል ሽቦ። በኋላ ግድግዳውን ወደ ታች የሚጨምቀው ይሄ ነው። ግንቡ ካለቀ በኋላ ማስገባት አይቻልም፤ ስንቱ ነው የሚረሳው።

በግንቡ አናት ላይ ላስቲክ ዘርጉ ወይም ሬንጅ ቀቡ። በላዩ ከጭዱ ሁለት ጠርዝ ሥር የሚሄዱ ሁለት 10 ሳ.ሜ. ከፍታ ያላቸው እንጨቶች አስሩ፣ መሐላቸውን በጠጠር ሙሉ። ወለል ላይ ውሃ ቢደፋ ወደ ጠጠሩ ይወርዳል እንጂ ወደ መጀመሪያው እስር አይገባም።

4. ቋሚና ክዳን፣ ጭዱ ከመምጣቱ በፊት

10ሩን ቋሚዎች በ1.80 ሜትር ርቀት አቁሙ፣ አራት አራት በረጅሙ ጎን፣ በአጭሩ ጎን መሐል ላይ አንድ አንድ። ከግንቡ በላይ 2.70 ሜትር ይሁኑ። በቱንቢ አስተካክሉ። በየማዕዘኑ ሰያፍ እንጨት ምቱ። ቋሚው አፈር ውስጥ ስላልተቀበረ ያለ ሰያፍ በንፋስም በመሬት መንቀጥቀጥም ይጋደማል። ጭዱ ይይዘዋል ብላችሁ አትለፉት።

ስለ ክፍክፉ፣ ማለትም ከግድግዳው አልፎ ስለሚወጣው የክዳን ጠርዝ፣ ከአናጢያችሁ ጋር በደንብ ተነጋገሩ። 80 ሳ.ሜ. እንዲወጣ ትፈልጋላችሁ፣ የሚለካው ግን ከቋሚው ሳይሆን ከጭዱ የውጭ ፊት ነው። አናጢ በልማዱ ከቋሚው ይለካል። እንደዚያ ከሆነ 45ቱን ጭዱ ይበላዋል፣ የሚቀራችሁ 35 ብቻ ነው። እዚህ ላይ ወራጁ ረጅም ስለሚወጣ ወፈር ያለ እንጨት ይጠቀም፣ ክዳኑም በንፋስ እንዳይነሳ ከቋሚው ጋር በሽቦ ይታሰር። ዝናብ አዘል ንፋሱ በሚመጣበት ጎን በረንዳ ካወጣችሁ የበለጠ ነው። ቆርቆሮውን ምቱ፣ አሸንዳውንም አሁኑኑ ስቀሉ። "አሸንዳ በኋላ" የተባለበት ቤት አሸንዳ ሳይኖረው ክረምት ይገባል።

5. መቃኖቹን ቀድማችሁ አቁሙ

የበሩና የመስኮቱ መቃን 45 ሳ.ሜ. ጥልቀት ያለው የእንጨት ሳጥን ነው። የበሩ ግንቡ ላይ ይታሰራል። የመስኮቱ ጭዱ እዚያ ከፍታ ሲደርስ ይቀመጥና ከቅርቡ ቋሚ ጋር ይያያዛል። ከመስኮቱ ሥር ላስቲክ አንጥፉ፣ የመስኮት ደፉም ወደ ውጭ ያዘንብል። ክዳን ተሠርቶለትም ግድግዳ የሚበሰብስበት ዋናው ቦታ መስኮት ሥር ነው።

6. ጭዱን ደርድሩ

እስሩን በሰፊው ጎኑ አስተኙት። ከማዕዘንና ከመቃን ጀምራችሁ ወደ መሐል ሂዱ። የላይኛው ዙር መጋጠሚያ ከታችኛው እስር መሐል ላይ ይረፍ፣ ብሎኬት ሲገነባ እንደሚደረገው። መጋጠሚያዎቹ አንዱ በሌላው ላይ ከሆኑ ግድግዳው በዚያ መስመር ይከፈታል።

እስሩን በኃይል እየመታችሁ አታስገቡ። ሁለት ሦስት ጠባብ እስር ሲጠራቀም ማዕዘኑን ወደ ውጭ ይገፋዋል። በእጅና በጉልበት ግፊት ይግባ፣ ከጠበቀ አውጡትና አሳጥሩት። በየዙሩ ቱንቢ ጣሉ።

ግማሽ እስር ሲያስፈልግ አትቁረጡ፣ አስቀድማችሁ እሰሩ። ባለ 8 ፌሮ 70 ሳ.ሜ. ቆርጣችሁ አንድ ጫፉን ጠፍጥፉና ብሱት። ያ መርፌያችሁ ነው። በሚፈለገው ልክ በመርፌው አዲስ ገመድ አሳልፋችሁ ሁለቱንም ወገን አጥብቃችሁ ካሰራችሁ በኋላ የድሮውን ገመድ ቁረጡ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ እጃችሁ ላይ የሚቀረው ክምር ጭድ ነው።

በየሁለት ዙሩ ከውጭ በኩል ቀጭን አጣና አቁማችሁ በመርፌ ገመድ አሳልፉ፣ ከውስጠኛው ቋሚ ጋር እሰሩት። ቋሚ በሌለበት ቦታ በሁለቱም በኩል አጣና ይሁን። ጭዱ በቋሚውና በአጣናው መሐል ይያዛል፣ ወደ የትም አይሄድም።

ሰባተኛው ዙር ሲያልቅ ከላይ እንደ መሰላል የተሠራ የእንጨት ፍሬም አስተኙ። ከግንቡ የሚወጡትን ሽቦዎች በሱ ላይ አምጥታችሁ በዱላ እያጠመዘዛችሁ ዙሪያውን ጥቂት በጥቂት አጥብቁ። አንዱን ጎን ጨርሳችሁ ወደ ሌላው አትሂዱ፣ ይጣመማል። ግድግዳው ጥቂት ሳንቲሜትር ይወርዳል። አሁን ይውረድ። በኋላ ከወረደ ልስኑን ይዞት ነው። ሲረጋ ፍሬሙን ከቋሚዎቹ ጋር በሚስማር አያይዙት።

ከዚያ የግድግዳውን አናት በ3 ሳ.ሜ. ጭቃ ዝጉት። ማንም አያየውም፣ ስለዚህ ብዙ ሰው ይዘለዋል። አይጥም እሳትም ከኮርኒሱ በላይ ወደ ጭዱ የሚገቡት በዚያ ክፍት ነው።

7. እሳት፦ እዚህ ላይ ቁሙ

የተጨመቀ እስር ውስጡ አየር ስለሚያንሰው ቶሎ አይቀጣጠልም። እ.ኤ.አ. በ2006 አሜሪካ ውስጥ በተደረገ ሙከራ በጭቃ የተለሰነ የጭድ ግድግዳ እሳትን ለ1 ሰዓት ተቋቁሟል። አደጋው ያለው ከመለሰኑ በፊት፣ መሬት ላይ በተበተነው ልቅ ጭድ ነው።

- ማታ ማታ ጥረጉ፣ ግቢው ዳር አርቃችሁ ከምሩ።
- ሲጋራ፣ ከሰልና ክብሪት ግቢው ውስጥ አይግባ። የሠራተኞቹ ቡና ራቅ ብሎ ይፈላ።
- ብየዳ ካለ ጭዱ ከመምጣቱ በፊት ይለቅ።
- ውሃ የሞላ በርሜልና ባልዲ ሁሌ አጠገብ ይኑር።

የኤሌክትሪክ መስመሩ በቱቦ ውስጥ ይሂድ፣ ባለሙያ ይዘርጋው። የማብሪያ ማጥፊያው ሳጥን ጭዱ ውስጥ በተመታ እንጨት ላይ ይታሰራል። የውሃ ቧንቧ ግን ጭድ ግድግዳ ውስጥ በምንም መልኩ አይለፍ።

8. ምርጊትና ልስን

ከመምረጋችሁ በፊት የሚንጨባረረውን ጭድ በማጭድ ከርክሙ። ጉድጓዶቹን በጭቃ በታሸ ጭድ ጥቅጥቅ አድርጋችሁ ሙሉ። ልቅ ጭድ ብቻ ከሞላችሁ ለአይጥ አልጋ ሠራችሁለት ማለት ነው።

አፈሩን ለመፈተሽ አንድ የሃይላንድ ጠርሙስ ግማሹን አፈር ሙሉ፣ ውሃ ጨምራችሁ ናጡ፣ አሳድሩት። አሸዋው ከታች ይቀራል፣ ሸክላው ከላይ ይረጋል። ሸክላው ከአራት እጅ አንዱ አካባቢ ከሆነ አፈሩ ይሠራል። ጥቁር አፈር ለልስን አይሆንም። ከዚያ ግድግዳው ላይ ሦስት ናሙና ለጥፉ፦ አንድ አፈር ለአንድ አሸዋ፣ አንድ ለሁለት፣ አንድ ለሦስት። በሁሉም ላይ የተከተፈ የጤፍ ጭድ ይግባ። ሲደርቅ ያልተሰነጠቀውንና በእጅ ሲታሽ የማይራገፈውን ምረጡ።

ጭቃውን ከጭዱ ጋር ረግጣችሁ ቢያንስ ከሦስት ቀን እስከ ሳምንት አቡኩት። ሲቦካ ይጣበቃል፣ ሲደርቅም ስንጥቁ ይቀንሳል።

የመጀመሪያው ንብር ጭድ የሌለው ቀጭን ጭቃ ነው፣ እንደ እንጀራ ሊጥ የሚፈስ። በእጃችሁ ወደ ጭዱ ውስጥ አሹት፣ ሌላው ሁሉ የሚይዘው በሱ ነው። ሳይደርቅ ሁለተኛውን ከ2 እስከ 2.5 ሳ.ሜ. ምረጉ። መቃንና ጭድ በሚገናኙበት ቦታ የጆንያ ቁራጭ ጭቃው ውስጥ ቅበሩ፣ እንጨትና ጭድ እኩል ስለማይንቀሳቀሱ እዚያ መሰንጠቁ አይቀርም። ይህ ንብር ሙሉ በሙሉ ይድረቅ። ከዚያ ስስ የሆነው የመጨረሻ ልቅለቃ ይከተላል፤ አዛባ ከለመዳችሁ እሱ ላይ ጨምሩ።

ከውጭ በኩል ጭቃው ከደረቀ በኋላ ግድግዳውን ውሃ እያርከፈከፋችሁ ኖራ በብሩሽ ቀቡ፣ አራት አምስት ጊዜ፣ በጣም ስስ አድርጋችሁ። ወፍራም የኖራ ቀለም ይላጣል። ያልበረደ ኖራ ከውሃ ጋር ሲገናኝ ይፈላል፤ የበረደውን ግዙ። እሱም ቢሆን ቆዳና ዓይን ያቃጥላል፣ ያለ ጓንትና መነጽር አትንኩት። ዓይን ውስጥ ከገባ ወዲያው በብዙ ንጹህ ውሃ አጥባችሁ ሐኪም ቤት ሂዱ።

ምርጊቱ ከግንቦት ማለቂያ በፊት መድረቅ አለበት። ካልደረሳችሁ የውጩን ግድግዳ ሙሉ ክረምቱን በሸራ ጋርዱ፣ አየር እንዲያልፍ ከግድግዳው ፈንጠር አድርጋችሁ።

ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

*ሲሚንቶ መለሰን።* "ጠንካራ ይሁን" ተብሎ ነው። ሲሚንቶ በጭድ ላይ በቀጭኑ ይሰነጠቃል፣ ውሃ በስንጥቁ ይገባል፣ ከገባ በኋላ ግን ቶሎ አይወጣም። ጭቃና ኖራ እርጥበቱን መልሰው ያወጡታል። በዚሁ ምክንያት የዘይትም የፕላስቲክም ቀለም አትቀቡ።

*የረጠበ እስር "ይደርቃል" ብሎ መደርደር።* ግድግዳ ውስጥ ገብቶ በሁለት በኩል ከተመረገ አይደርቅም። አንድ እስር ከጠረጠራችሁ አውጡት፣ ምንጣፍ አድርጉት፣ ለከብት ስጡት።

*ግቢውን በኋላ መደልደል።* ቤቱ ካለቀ በኋላ አፈር እየሞሉ ያቺን 40 ሳ.ሜ. ግንብ 10 የሚያደርሷት አሉ። አበባ መደብም እንደዚያው፣ ከግድግዳው አርቁት።

*ስንጥቅን ማሳደር።* መስከረም ሲጠባ ዙሪያውን እዩ፣ በተለይ ከመስኮት ሥርና ከግንቡ በላይ። የተሰነጠቀውን በዚያው ጭቃ ድፈኑ፣ ኖራውን በየዓመቱ ወይም በየሁለት ዓመቱ አድሱ። አንድ ቦታ ከጠቆረ ወይም ከሸተተ ምርጊቱን ክፈቱና ጭዱን በእጃችሁ ዳስሱ። እርጥቡን ነቅላችሁ ውሃው ከየት እንደመጣ ሳታገኙ መልሳችሁ አትዝጉት።